ፍሪጅ ውስጥ የከረሙ ዶሮዎች

እህቴ የዳሌዋን አጥንት በብረት ለማስቀየር ሆስፒታል የገባችው ውርጩ በጀመረ ሳምንት ነው። ታክሲው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እሷ አንድ እግሯን ውስጥ፣ አንድ እግሯን ውጪ አድርጋ ስለ ዶሮዎቿ ትናዘዛለች። ጥሬው የት እንዳለ ነገረችን። የጓሮው በር በምን እንደሚታሰር ነገረችን። ሹፌሩ "እማማ፣ ቀጠሮው አለፈ እኮ" ሲላት፣ "ዋናውን ልንገራችሁ፣ እንዳይበርዳቸው!" አለችና በሩ ተዘጋ። ከዋናው ቀጥሎ ሌላም ነገር ነበራት። ታክሲው ሲነሳ በመስታወቱ ውስጥ አፏ ሲንቀሳቀስ አይተናል፤ ድምፁ ግን አልደረሰንም። ለባሏ ግን የደረሰው ይበቃው ነበር።

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ጋሼ ወሬ አይወድም። አንዴ አንድ ደንበኛ "ፍሪጄ ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ጠይቆት፣ መልሱን ያገኘው ፍሪጁ ተሠርቶ፣ አርጅቶ፣ ለቁራሌው ከተሰጠ በኋላ ነው ይባላል። የምለው እኔ ነኝ። እኔ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነኝ፤ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል እኖራለሁ፣ ኮምፕሬሰር አነሳለሁ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ አጫውታለሁ። ሰፈሩ "ራዲዮ" ይለኛል፤ ባትሪ ስለማልፈልግ።

ነገሩ ዶሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ሐኪሙ "በየቀኑ ካልተራመደች ብረቱ ከንቱ ነው" ብሏል። እህቴ ደግሞ ለሐኪም ብላ የምትራመድ ሴት አይደለችም። ለዶሮ ብላ ግን በአንድ እግሯም ትዘላለች። ይህን የምታውቀው ልጃቸው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት ያለው ቤት የምትኖረው፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለአባቷ ቁርጡን ነገረችው።

"አባዬ፣ እማዬን ጓሮው የሚመልሳት ዶሮዎቹ ናቸው። እነሱ ካለቁ ምን ልታደርግ ትመለሳለች? እኔ ጋ ትገባለች። አንተ እየመጣህ ትጠይቃታለህ።"

ጋሼ "እየመጣህ ትጠይቃታለህ" የምትለዋን ቃል ተሸክሞ ወደ ቤት መጣ። የልጅቷ ሳሎን ሁለት ሶፋና አንድ ቴሌቪዥን ይዞ ሞልቷል፤ ፍሪጅ ጠጋኝ የሚያስቀምጡበት ቦታ የለውም። ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን እንደ ዘመድ እሁድ እሁድ ሊጠይቅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኮቱን ሰቅሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደ።

ዶሮዎቹ ስምንት ነበሩ። አውራው "ሻለቃ" ይባላል፤ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ዘውድ አምስት ጫፍ አለው፣ አካሄዱም የጡረታ ደብዳቤው እንዳልደረሰው መኮንን ነው። ነጯ "ነርሷ" ትባላለች። ገብስማዋ "አኩራፊዋ" ናት፤ ጥሬ ሲበተን ፊቷን ታዞርና ሰው እንዲለምናት ትጠብቃለች። የቀሩትንም እህቴ በየስማቸው ትጠራቸዋለች። እኔ "ሌሎቹ" እላቸዋለሁ፤ እስካሁን አንዳቸውም ቅሬታ አላቀረቡም።

ስለ ውርጩም ላውራ። በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ጥላዬ የሱቁ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ እስከ ቀትር ያለ ጥላ ስሠራ ውያለሁ። ነርሷ የጣለችውን እንቁላል ይዤ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታሁበት፤ የተጣመመው ሚስማሩ ነው። ይህን የማያምን ቢያንስ የመጠጫቸው ውሃ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይገኝ እንደነበር ይመን። እሱ እውነት ነው።

የዶሮ ቤቱ የሳንቃ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሳንቃውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ላይ፣ ዙሪያውን አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ጋሼ ክፍተቱ ፊት ቆሞ እጁን ከተተ፣ አወጣ፣ እንደገና ከተተ።

"ይሄ ቤት ነው?" አለ። "ወንፊት እኮ ነው።"

"እትዬ ራሷ ናት እንዲህ ያሠራችው" አልኩት።

"አናጺው ሰንፎ ነው" አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዝቃዜ እንዳያመልጥ ሲዘጋ ለኖረ ሰው ክፍተት ማለት ስንፍና ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ከሱቁ ጓሮ ሁለት የሞቱ ትልልቅ ፍሪጆች አመጣ። ገላቸውን ፈታ፤ መካከሉ ፎም ያለበትን ሽፋናቸውን በሳንቃው ላይ በውስጥ በኩል ለበጠው። የአንደኛውን በር ከነጎማው የዶሮ ቤቱ በር አደረገው። ለጣሪያው ሽፋን ስላልበቃ ቆርቆሮውን እንዳለ ትቶ፣ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት በፎምና በሲሊኮን ደፈነው። ሁለት ቀን ፈጀ። ሲጨርስ እንደ ልማዱ በወረቀት ፈተነው። ወረቀት በሩ መሃል ጣል አድርጎ ይዘጋና ይስባል። ከተንሸራተተ ጎማው አርጅቷል፤ ከተቀደደ በሩ ወንድ ነው። ወረቀቱ ተቀደደ። ጋሼ የተቀደደችውን ቁራጭ ለብቻዋ ኪሱ ከተታት።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየ።

"ወንድሜ፣ በሩን ስትከፍተው መብራቱ ይበራል?"

"ሂድ ቁልፍህን ትከል" አለው ጋሼ።

"አይ፣ እንቁላሉን በዚያው ታስቀምጡታላችሁ ብዬ ነው። ከዶሮዋ ፍሪጅ፣ ያለ መንገድ!"

ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቀለ። ውጪ ውርጩ ሳር ሲያነጣ፣ ውስጥ ስምንት ዲግሪ ነበር። ጋሼ በየጠዋቱ ቁጥሩን ያይና ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በበኩሌ ከሰዓት ከሰዓት እህቴ ጋ እየደወልኩ ዜናውን አስተላልፋለሁ። ጋሼ ስልክ ሲሰጡት "ደህና ናቸው፣ ስምንት ዲግሪ" ብሎ ስለሚመልሰው ሥራው የእኔ ሆነ።

"እንዴት ናቸው ልጆቼ?" ትላለች።

"እትዬ፣ ዶሮዎችሽ ባለ ኮከብ ሆቴል ገብተዋል። ሻለቃ ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ፎጣ አቀብለኝ አለኝ። አኩራፊዋ ክፍል ይቀየርልኝ ብላ አመልክታለች።"

"አንተ ቀጣፊ፣ አታስቀኝ! ስፌቴ!"

"ነርሷ ደግሞ ቁርስ አልጋዬ ላይ ካልመጣ አልጥልም ብላለች።"

የአልጋ ጎረቤቷም ስትስቅ ይሰማኛል። ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታዳምጠኝ። እኔም ሰው ሲሰማኝ አላርፍም፤ በየቀኑ ፎቅ እጨምርበታለሁ።

ያላወራሁላትም ነገር ነበር። ክፍተቱ በተደፈነ በስምንተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት እንፋሎት እንደ ተከፈተ ድስት ፊቴ ላይ ወጣ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ ሽንኩርት የከተፍኩ ይመስል ቆሜ እንባዬን ጠረግሁ። ገለባው እግር ሲነካው ይጨማለቃል። ቆርቆሮው በውስጥ በኩል ነጭ በረዶ ጋግሯል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይቀልጥና ጠብ፣ ጠብ፣ በዶሮዎቹ ጀርባ ላይ። የሻለቃ ዘውድ ጫፉ ነጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጠቆረ። አኩራፊዋ ማስነጠስ ጀመረች። ለእሷ ማስነጠስ ቀልድ ሞክሬ አልወጣልኝ አለ። ቀልድ ያልወጣለትን ነገር ደግሞ በስልክ አላወራም።

ጋሼ ግን በረዶውን ሲያይ ፊቱ በራ። የሚያውቀው በሽታ ነበራ!

"ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ከጋገረ ምን ማለት ነው?" አለኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ጎማው አየር ያስገባል ማለት ነው። የውጪ አየር እየገባ ነው የሚበርደው። ዘውዱም ለዚህ ነው የጠቆረው፤ ብርድ ገብቶ።"

ለፍሪጅ ትክክል ነው። እኔም ሙያው ውስጥ እንዳለ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። የበሩን ጎማ አውልቆ አዲስ ገጠመለት። የቁልፉን ቀዳዳ በማስቲሽ ደፈነ። የመርፌ ዓይን ያህል የነበረችውን አንዲት ስንጥቅ በሻማ ብርሃን ፈልጎ አገኛትና እሷንም ደፈናት። በማግስቱ በረዶው በእጥፍ ጋገረ። ጋሼም በእጥፍ ደፈነ። ሁለቱ እንዲህ እልህ ተጋብተው አራት ቀን ቆዩ።

እሁድ ልጅቷ መጣች። ጓሮ ስትገባ ሻለቃ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር፤ ከአምስቱ ጫፍ ሦስቱ ከሰል መስለዋል።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"ማዕረጉ ተነሥቶበት ነው" አልኳት።

"አጎቴ፣ ቀልድ አይደለም።" አኩራፊዋ ከጥግ አስነጠሰች። ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ አልጋዋን አዝዣለሁ። የሚነሳ የሚወርድ። እማዬን እኔ ጋ ነው የምወስዳት።"

ጋሼ የበሩን ጎማ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ "ገና እየሠራሁበት ነው" አለ።

ከሰዓት ደወልኩ። እህቴ ከሦስት ቀን በኋላ ትወጣለች ተብላ ድምፅዋ አብቧል። እኔን ያሳሰበኝ ግን የጠቆረው ዘውድ ነበር። በላዩ ላይ ትልቅ ነገር ልደርብበት ፈለግሁ።

"እትዬ፣ ዶሮዎችሽ የግል ደመና አውጥተዋል።"

"ኧረ?"

"አዎ! ውጪ ጠብታ የለም፣ እነሱ ቤት ጠዋት ጠዋት ይዘንባል። ቆርቆሮው በረዶ ይጋግርና ፀሐይ ስትወጣ በላያቸው ይወርዳል። ሻለቃ ጃንጥላ ካልተገዛልኝ ግዳጅ አልወጣም ብሏል። ነርሷ ዝናብ ኮት..."

የአልጋ ጎረቤቷ ሳቀች። እህቴ አልሳቀችም።

"አንተ።"

"አቤት።"

"ዝናቡን ከየት አመጣኸው?"

"ከጭንቅላቴ ነዋ!"

"አይደለም። ያንተን ውሸት ከልጅነትህ አውቀዋለሁ፤ ዝሆን ያክላል እንጂ ጠብታ አያክልም። ቆርቆሮው ሥር በረዶ፣ ሲነጋ ጠብ ጠብ። ይሄን አይተኸዋል። ገለባው እርጥብ ነው?"

ጫማዬ ላይ የተጣበቀውን እርጥብ ገለባ አየሁት። 

"ሲከፈት ዓይን ያቃጥላል?"

"ትንሽ።"

"ስጠው። ስጠው ለሱ!"

ጋሼ ስልኩን እንደ ጋለ ብረት በሁለት ጣቱ ያዘው። ድምፁ ለእኔም ለልብስ ሰፊውም ይሰማል።

"ከላይ ያለውን ክፍተት ምን አደረግኸው?"

"ዘጋሁት።"

"በእጄ ለክቼ ያስከፈትኩትን!"

"እንዳይበርዳቸው ብለሽ..."

"ዶሮ ኮቷን ለብሳ ነው የምትዞረው፣ አንተ ሰውዬ! ብርድ አይገድላትም። የሚገድላት እርጥበት ነው። ስምንት ጉሮሮ እዚያ ውስጥ ሲተነፍስ ያድራል፤ ትንፋሹ የት ይሂድ? ቆርቆሮው ላይ ይወጣል፣ ይረጋል፣ መልሶ ራሳቸው ላይ ይወርዳል። የረጠበ ዘውድ ነው ውርጭ የሚበላው። ከኩሳቸው የሚወጣውስ ሽታ? ሳንባቸውን ነው የሚያቃጥለው!"

ጋሼ ግድግዳውን አየ፣ ቴርሞሜትሩን አየ።

"በረዶው ከውጪ አየር ገብቶ መስሎኝ።"

"ውሃው ከውስጥ ነው የመጣው። ከነሱው።"

ይህን ሲሰማ ጋሼ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። ስለ ሙያው ሲያስብ አውቀዋለሁ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲቆይ፣ "ትክክል ነሽ" አለ። "ፍሪዘር ውስጥ የሚተነፍስ ዕቃ አስቀምጬ አላውቅም።"

"ነፋስ አይምታቸው፤ ሲተኙ ከራሳቸው በላይ ግን ትንፋሹ ይውጣ። በዚህም በዚያም በኩል።"

"ከከፈትኩት ሙቀቱ ይሄዳል።"

"ይሂድ!"

"ስምንት ዲግሪ ነው።"

"ይሂድ አልኩህ! ምን ያህል ነው የምትከፍተው?"

"ጣት የሚያስገባ።"

"ጭንቅላትህን የሚያስገባ ይሁን!"

መሰላል አመጣሁ። ጋሼ ሲሊኮኑን በቢላ ቀደደው። እጁ ፈጣን ነው፤ ያን ቀን ግን እንደ ሐኪም ቀስ እያለ ነበር። በሁለቱም ጎን ጣሪያው ሥር ክንድ የሚረዝም፣ መዳፍ የሚሰፋ ክፍተት አወጣና አይጥ እንዳይገባ የሽቦ ወንፊት ወጠረበት። እርጥቡን ገለባ በአካፋ አውጥተን ደረቅ ጭድ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞላን። የቀረውን እህቴ በስልክ ዘረዘረችው። ጥሬ ሲመሽ ጨምሩ፣ ሆዳቸው ውስጥ እየተፈጨ ያሞቃቸዋል። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ። ዘውዳቸው ላይ ቫዝሊን፤ ስስ አድርጋችሁ። ሻለቃን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የቀባው ጋሼ። ሻለቃ ወዲያው ከሽቶ ቤት እንደወጣ ሰው አንጸባርቆ ሰፈሩን አንድ ዙር ጎበኘ።

በማግስቱ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ዜሮን በጣት ነካ። የመጠጫው ውሃ ድንጋይ ነበር። ጋሼ ፊቱ ዐመድ መስሎ፣ "ገደልናቸው" አለ። ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው እንደ ኳስ ተደርድረዋል። አንዷ ዓይኗን ገልጣ "በሩን ዝጋ" በሚል አስተያየት አየችኝ። ጋሼ ከፍ ብሎ ቆርቆሮውን በመዳፉ ዳበሰው። ደረቅ ነው። መዳፉን አገላብጦ አየው፣ ሱሪው ላይ ጠረገው፣ እንደገና ዳበሰ። ደረቅ ነው።

ለአኩራፊዋ ግን ረፍዶባት ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሞታ አገኘናት። ማኩረፏ መስሎኝ ትንሽ ለምኛታለሁ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ዶሮ ተራ ገብስማ ሞልቷል። ነገ ከመምጣቷ በፊት አንዷን እናመጣለን፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞር ደግሞ እኔ አስተምራታለሁ።"

ጋሼ ዶሮዋን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጨረሰ።

"ስልኩን አምጣ" አለ።

በራሱ እጅ ቁጥሩን መታ። በሠላሳ አራት ዓመት ስልክ ራሱ ሲደውልላት ሁለተኛው ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ስህተት ነበር።

"አኩራፊዋ ሞተች" አለ። "ከመክፈቴ በፊት ነው የታመመችው። እኔ ነኝ።"

 "የት ነው የምትቀብራት?" አለች እህቴ።

"አጥሩ ሥር።"

"ጥልቅ አድርግ፤ ውሻ እንዳያወጣት። ለሌሎቹ ውሃ ሰጠህ?"

"ሰጥቻለሁ።"

"ለብ ያለ?"

"ለብ ያለ።"

"ወንድሜን ስጠኝ።" ስልኩን ተቀበልኩ። "ታስነጥስ ነበር?"

"አዎ እትዬ።"

"ስንት ቀን?"

"ስድስት።"

"የሻለቃን ጃንጥላ ስታወራልኝ እሷ ታስነጥስ ነበር" አለችና ዘጋችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ እናቷን በመኪናዋ አመጣቻት። ሻንጣውን አላወረደችም፤ ነገሩ፣ ለመሰናበት ነው የመጡት። እህቴ በሁለት ምርኩዝ ጓሮውን አቋርጣ ዶሮ ቤቱ በር ደረሰች። ማንም እንዲይዛት አልፈቀደችም። እጇን ጭዱ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰደደች፣ አወጣችና አሸተተችው። ሻለቃን አንገቱን ይዛ ዘውዱን መረመረች፤ የጠቆሩት ሦስቱ ጫፎች ደርቀው ሊረግፉ ደርሰዋል።

"ያመዋል?" አለ ጋሼ።

"አልፎለታል። ሁለቱ ይበቁታል።" ወደ ላይ አንጋጠጠች። "ጣሪያውን ማን ነው የሚያየው?"

"እኔ። ሲነጋ ሲነጋ በእጄ።"

"ዛሬስ?"

"ደረቅ ነው።"

"እማዬ፣ ብርድ ነው፣ እንሂድ" አለች ልጅቷ። "አልጋሽ ተነጥፏል። ሰባት ዶሮ ብለሽ ነው?"

እህቴ የጥሬውን ሳጥን በምርኩዟ ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠችበት። ነርሷ መጥታ የጫማዋን ማሰሪያ ጎተተች።

"ስምንት ነበሩ" አለች። "እነዚህን ሁለት ወንዶች በስልክ ስጠብቅ አንዷ ሄደች። ከአራተኛ ፎቅ ሆኜ ብጠብቃቸው ስንት ይቀራሉ? ሻንጣዬን አውርጂልኝ ልጄ።"

"እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ..."

"ሐኪሙ ተራመጂ ነው ያለኝ። ከበሩ እስከዚህ ሃያ ስድስት እርምጃ ነው፤ ስመጣ ቆጥሬዋለሁ። በቀን ስድስት ጊዜ እመጣለሁ። ያንቺ ቤት ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ስንት ነው?"

ልጅቷ አባቷን አየችው። ጋሼ የእህቴን ምርኩዞች ከሳጥኑ ጎን አደላደለ። እሷም ትንሽ ቆማ ቁልፏን እያንቃጨለች ወደ መኪናው ሄደች። እኔ ሻንጣውን ልቀበል ተከተልኳት። ስመለስ እህቴ ወደ ቆጡ እያመለከተች ነበር።

"ይሄ ጠባብ ነው። ይዞ ለመቆም እንጂ ለመቀመጥ አይሆንም። ሰፋ ካለ እግራቸው ላይ ይቀመጡና ጣታቸውን በላባቸው ይሸፍኑታል።"

"ምን ያህል ይስፋ?" አለ ጋሼ።

"አራት ጣት።"

"የማን ጣት?"

"የማን ጣት ይላል እንዴ! ጣት ነዋ።"

ጋሼ ወደ ሱቁ ሄዶ ሜትሩን ይዞ መጣ። ፊቷ ቁጢጥ ብሎ እጇን ያዘ፣ አራቱን ጣቶች አንድ ላይ ገጠማቸው፣ ሜትሩን ዘርግቶ በመነጽሩ ሥር አነበበ።

"ሰባት ሴንቲ ከሁለት ሚሊ" አለ፤ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶም ከነሁለቷ ሚሊ ሳንቃው ላይ ጻፈው።